ለሕመሙ ከምናዋጣ ለዜማው እንክፈል

አንድ አንጋፋ ድምጻዊ ታመመ ሲባል ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በቴሌግራም ይሰራጫል። የወጣትነት ፎቶው በየገጹ ይለጠፋል። ሬዲዮ ጣቢያዎች ቀኑን ሙሉ ሥራዎቹን ሲያሰሙ ይውላሉ፤ የሙያ ባልደረቦቹም የድጋፍ ኮንሰርት ያዘጋጃሉ። ሕዝቡ እጁን አያጥፍም፤ ከአዲስ አበባም፣ ከዋሽንግተንም፣ ከዱባይም፣ ከቴል አቪቭም ገንዘብ ይመጣል። ይህ ደግነታችን ያኮራል። ግን ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ዘፈኑ በየሠርጉ፣ በየታክሲው፣ በየካፌውና በየጣቢያው ሲሰማ የኖረ ሰው እንዴት መታከሚያ ያጣል?

ያጣው ስንሰማው ስላልከፈልነው ነው። ዘፈኑን ወደድን፤ ባለቤቱን ረሳን። ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰውና ሙዚቃውን ያቀናበረው አብዛኛውን ጊዜ ድካማቸውን አንድ ጊዜ በቁርጥ ዋጋ ሸጠው ይለያሉ፤ ከዚያ በኋላ ዘፈኑ አገር ቢያጥለቀልቅ ለእነሱ የሚደርሳቸው ነገር የለም። ድምጻዊው ደግሞ የሚኖረው ከመድረክ በሚያገኘው ነው። ጉሮሮው እስከሠራ፣ ጉልበቱ እስካልከዳው፣ ሠርግና ኮንሰርት እስካለ ድረስ ይበላል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መድረኩን ሁሉ ሲዘጋ ይህ ኑሮ ምን ያህል ዋስትና የሌለው እንደሆነ በዓይናችን አይተናል።

ለሙዚቃ መክፈል ከውጭ የመጣብን ልማድ አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ዝም ብሎ ሰምቶ አይወጣም። ግጥም ያቀብላል፤ ሲመሰገን ይሸልማል፤ ብሩን አውጥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ዘፈኑ የሁለቱ ሥራ ነው፤ ክፍያውም እዚያው፣ በዚያው ሰዓት፣ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። በካሴት ዘመንም ቢሆን ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ አዲስ አልበም ሲወጣ ሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ መሰለፍ የተለመደ ነበር። የካሴቱ ሽፋን ሲገለጥ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ ተጽፎ ይገኝ ነበር። አድማጩ ድምጻዊውን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያሉትንም በስም ያውቃቸው ነበር።

ያንን ልማድ ያጣነው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ካሴት ከካሴት መገልበጥ መጣ፤ ቀጥሎ ሲዲ ማባዛት፤ ከዚያም «ዘፈን እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ በየመንገዱ ዳር ተሰቀለ። ጥቂት ብር የተቀበለ ልጅ በአንድ ፍላሽ ላይ የአንድ ትውልድ ሥራ ይገለብጥ ጀመር፤ ከዚያች ገንዘብ ለባለ ሥራው አንዲት ሳንቲም አልደረሰችም። ዛሬ ደግሞ አልበም በወጣ በሰዓታት ውስጥ ሙሉው በቴሌግራም ቻናል ይለቀቃል። ፋይሉ ላይ የገጣሚው ስም የለም፤ የዜማ ደራሲው ስም የለም፤ አንዳንዴ የዘፈኑ ርዕስ እንኳ በትክክል አልተጻፈም።

ለሙዚቃችን የታገሉ ሰዎች ግን ቀድሞም ነበሩ። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ላይ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ሳለ፣ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአንድ ተቋም ብቻ በተሰጠበት ጊዜ፣ አደጋውን ተቀብሎ የድምጻዊ ዓለማየሁ እሸቴን ሥራ ሕንድ አገር ልኮ አሳተመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላዎች ለሕዝብ አደረሰ። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» ብሎ የሚያደንቀው ሙዚቃ ብዙ ቋሚ ማስረጃ የኖረለት አንድ ወጣት «ለምን አይቻልም?» ብሎ ስለተነሳ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ባለሙያዎችም ዝም አላሉም። ለዓመታት ሲጮኹ ቆይተው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት ሥራው በተፈጠረበት ቅጽበት፣ ያለ ምንም ምዝገባ፣ ደራሲው መብት አለው፤ የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ሲሻሻል ደግሞ ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው ክፍያቸውን በጋራ የሚሰበስቡበት በር ተከፈተ። በ2011 ዓ.ም. አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ አቀረበ፤ አድማጭ በስልኩ ከፍሎ፣ ባለ ሥራው ድርሻውን እንዲያገኝ። ኤልያስ በወራት ውስጥ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከመካከላችን ተለየ። የተመኘው ነገር ግን ገና በእጃችን ላይ ነው። ሕግም አለ፤ ቴክኖሎጂም አለ። የጎደለው የእኛ መነሳት ነው።

ዛሬ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚሄድ ሙዚቀኛውም አድማጩም ማወቅ አለባቸው። ዩቲዩብ ከቪዲዮ ማስታወቂያ ገቢው 55 በመቶውን ለቻናሉ ባለቤት ይሰጣል። ልብ በሉ፤ የሚሰጠው ለቻናሉ ባለቤት ነው። ቻናሉ የማን እንደሆነና በመካከል ምን ውል እንዳለ የሚወስነው የተፈረመው ወረቀት ነው። እንደ ስፖቲፋይ ያሉ መድረኮች ደግሞ ከገቢያቸው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ለባለመብቶች ያከፋፍላሉ፤ የሚያከፋፍሉት ግን ሁሉንም በአንድ ቋት ሰብስበው ዘፈኑ እንደተደመጠበት ብዛት ነው። እርስዎ ወሩን ሙሉ አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ብቻ ቢሰሙም የከፈሉት ገንዘብ አብዛኛው ቋቱን ለሞሉት የዓለም ታላላቅ ኮከቦች ይሄዳል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን በስፖቲፋይ ምንም አይከፈልበትም። አንድ ጀማሪ ልጅ ይህችን መስመር የሚሻገረው እኛ ካሻገርነው ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥሪያችን መጀመሪያ ለእናንተ ነው፣ ሙዚቀኞች። በቃል ብቻ አትስማሙ። ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ፣ እያንዳንዱም ከገቢው ምን ያህል እንደሚደርሰው በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ወረቀት አያስፈልግም አትበሉ፤ ወረቀቱ የሚያስፈልገው ጓደኝነታችሁ እንዲቆይ ነው። ውል ሲቀርብላችሁ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ የትኛውን መብት እንደምትለቁ፣ ዲጂታሉን እንደሚጨምር ወይም እንደማይጨምር ጠይቁ፤ ካልገባችሁ የሕግ ባለሙያ ሳታማክሩ ፊርማችሁን አታሳርፉ። ዘፈኑን ከመልቀቃችሁ በፊት በየመድረኩ በስማችሁ አስመዝግቡ፤ ያለዚያ ሌላ ሰው ቀድሞ የእኔ ነው ይላል። ድምጻውያን ሆይ፣ በቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ የገጣሚያችሁንና የዜማ ደራሲያችሁን ስም ጥሩ።

ከሁሉም በላይ በማኅበር ተደራጁ። በ1847 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አንድ የታወቀ ካፌ ውስጥ ኧርነስት ቡርዤ የተባለ የዘፈን ደራሲ ከባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። ባንዱ የእሱን ሥራ ሲጫወት ሰማ። ሒሳብ ሲመጣለት ካፌው ለዘፈኑ ካልከፈለ እሱም ለጠጣው እንደማይከፍል ተናገረ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ደራሲው ረታ። በ1851 እ.ኤ.አ. በዚያው መነሻ የተቋቋመው የደራስያንና የዜማ ደራስያን ማኅበር፣ ሳሴም፣ እስከ ዛሬ ድረስ ለአባላቱ ክፍያ ይሰበስባል። ያ ሰው ብቻውን ቢቀር ኖሮ ትርፉ የአንድ ቀን ሒሳብ ብቻ በሆነ ነበር፤ ስለተደራጁ ግን የልጅ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ተጠቀሙ። እኛ ለቀብር ዕድር ማቋቋም የምናውቅበት ሕዝብ ነን። በሕይወት ላለ ሙዚቀኛ መብት የሚቆም ጠንካራ ማኅበር ማቋቋም እንዴት ያቅተናል? ድምጻዊው ለብቻ፣ ተጫዋቹ ለብቻ፣ ገጣሚው ለብቻ መሆናችሁ ይብቃ። ትልልቆቹ ስሞች ወደ ፊት ውጡ፤ እናንተ ከፊት ከቆማችሁ ጀማሪው ከኋላችሁ ይሰለፋል።

የሆቴል፣ የካፌ፣ የክለብ፣ የትራንስፖርትና የብሮድካስት ባለቤቶች፣ እናንተ ሙዚቃውን ለደንበኛ መሳቢያ ትጠቀሙበታላችሁ። ለመብራቱ ትከፍላላችሁ፤ ለቤት ኪራዩ ትከፍላላችሁ፤ ለቡናው ትከፍላላችሁ። ያለ ሙዚቃ ቤታችሁ ምሽቱን እንደማይሞላ ታውቃላችሁ። ሕጉ በሕዝብ ፊት ማጫወትንና ማሰራጨትን የባለመብቱ አድርጎታል፤ ስለዚህ የሚጠየቃችሁን ክፍያ እንደ ሌላው የሥራ ወጪ ቁጠሩት። የሬዲዮና የቴሌቪዥን አዘጋጆች ደግሞ ከዛሬ ጀምራችሁ ዘፈን ባሰማችሁ ቁጥር የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውንና የአቀናባሪውን ስም ጥሩ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ የጠፋውን ስም ግን ይመልሳል።

አድማጮች፣ ዋናው ጉልበት ያለው በእኛ ዘንድ ነው። የተሰረቀ አልበም የሚለቅ ቻናል ውስጥ ካለን እንውጣ፤ ሊንኩ ሲላክልን ለሌላ አናስተላልፍ። ዘፈኑን ከራሱ ከሙዚቀኛው ገጽ እንስማ። በአገር ውስጥ የሙዚቃ መተግበሪያዎች እንክፈል። የጥሪ ማሳመሪያችን የምንወደው ድምጻዊ ሥራ ይሁን። ኮንሰርት ላይ ትኬት ሳንገዛ በዘመድ ለመግባት አንሞክር። አዲስ ድምጽ ስንሰማ ደግሞ ለአሥር ሰው እንንገር፤ 1,000 የሚሞላው እንዲህ ነው።

«ኑሮ በተወደደበት ዘመን ለዘፈን እንዴት ይከፈላል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ዳቦ የሚቸግረውን ሰው ለሙዚቃ ክፈል አንለውም። ነገር ግን በወር ለአንድ ማኪያቶ የሚያወጣ ብዙ ሰው አለ፤ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀውም ከዚያ አይበልጥም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የአንድ ሙዚቀኛ ሙሉ ኑሮ በአንድ ስፖንሰር ወይም በአንድ ባለ ሀብት ትከሻ ላይ ሲወድቅ ይከብዳል፤ ነጻነቱንም ይወስድበታል። በሺዎች አድማጮች ላይ ሲከፋፈል ግን ማንንም አይጎዳም።

በውጭ የምትኖሩ ወገኖች፣ የእናንተ ድርሻ ከሁሉ ይበልጣል። የሙዚቃ መድረኮቹ የአባልነት ክፍያ በምትኖሩበት አገር ከፍ ያለ ስለሆነ ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም የተደመጠ ዘፈን ከአዲስ አበባ ከተደመጠው የበለጠ ይከፍላል። በያመቱ በጁላይ መጀመሪያ ሰሞን የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር በሚካሄድባቸው ቀናት ስንት ኮንሰርት እንደሚዘጋጅ ታውቃላችሁ። አዘጋጆች ሆይ፣ ለሙዚቀኛው በተስማማችሁት ቀን ክፈሉ፤ የባንዱን ተጫዋቾች አትርሱ። የኪቦርድ ተጫዋቹን የኃይሉ መርጊያን ታሪክም አስቡ። በ1973 ዓ.ም. ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ ቀረ፤ በዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን ከመኪናው ሳይለይ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. የቀረጸውን ካሴት አንድ አሳታሚ ፈልጎ አግኝቶት፣ ከእሱ ጋር ተስማምቶ በ2013 እ.ኤ.አ. በድጋሚ ሲያሳትመው ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አልበም አወጣ። ባለቤቱ ከተፈለገና ውሉ ከተከበረ አሮጌ ካሴት እንኳ እንጀራ ይሆናል። በየቤታችሁ ያለ ስንት ሸክላና ካሴት ባለቤቱን ይጠብቃል?

በአእምሯዊ ንብረት ላይ ሥልጣን ያላችሁ የመንግሥት ኃላፊዎችም ሥራችሁ አዋጅ በማውጣት አያበቃም። ሕጉን የሚያስከብር ፖሊስ፣ የሚያውቅ ዐቃቤ ሕግ፣ ፈጥኖ የሚወስን ችሎት ያስፈልጋል። ክፍያ የሚሰበስበው የጋራ ማኅበር ሒሳብ በየዓመቱ ተመርምሮ ለአባላቱ ይገለጽ፤ የተሰበሰበ ገንዘብ በመንገድ ከቀረ እምነት ዳግም አይመለስም።

ማንም ሌላውን አይጠብቅ። ሙዚቀኛው አድማጩ እስኪከፍል፣ አድማጩ ሙዚቀኛው እስኪደራጅ፣ ሁለቱም መንግሥት እስኪያስከብር ከጠበቁ የሚጠቀመው ሌባው ብቻ ነው። ዛሬ ማታ የምትወዱትን አንድ ዘፈን ከትክክለኛው ምንጩ ከፍላችሁ ስሙ፤ ግጥሙን የጻፈው ማን እንደሆነ ፈልጉና ስሙን ለልጆቻችሁ ንገሩ። ሙዚቀኞች፣ በዚህ ሳምንት ተሰብሰቡ፤ አንድ ወረቀት አውጡና ፈርሙ። ያዘፈኑን፣ ያስጨፈሩን፣ ያስለቀሱንና ያጽናኑን ሰዎች ጤነኛ ሆነው እየሠሩ ሳለ ደመወዛቸውን እንክፈላቸው። ዕዳው የሁላችንም ነው፤ አሁኑኑ እንክፈል።