የደጃፍ ሰሌዳ

በከተሞቻችን ያለው ንግድ ሁሉ በአደባባይ የሚካሄድ አይደለም። አንዷ በቤቷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ ሌላዋ ጠጕር ትሠራለች፤ ሌላው በመኝታው ክፍል ልብስ ይሰፋል። ለሱቅ ኪራይ አቅም ስለሌላቸው የሚሹት ነገር ቢኖር መንገደኛው ሥራቸውን እንዲያውቅላቸው ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደ ተባለ፣ ደጃፉ ያልተናገረለት ቤትም ገበያተኛ አያገኝም።

ይህን እናቶቻችን አስቀድመው ዐውቀውታል። ጠላ የምትሸጥ ሴት በደጇ እንጨት ተክላ ጣሳ ትደፋበታለች። ፊደል ያልቈጠረው ሳይቀር ጠላ መኖሩን ይረዳል፤ ምልክቱም መብራት የለው፣ ድምፅ የለው፣ መንገድ አይዘጋ።

ዛሬ ግን አንዱ ብልጭልጭ መብራት በጎረቤቱ መስኮት ትይዩ ይሰቅላል፤ ሌላው ሰሌዳውን በእግረኛ መንገድ ላይ ያቆማል። እንቅልፉንና መንገዱን ያጣው ጎረቤት ቢያማርር እውነቱን ነው። ስለዚህ ደንብ ያስፈልጋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759ም ከቤት ውጭ ስለሚሰቀል ማስታወቂያ ይደነግጋል። ነገር ግን አንድ ጠባብ የመንደር ደጅ ምን ያህል ሰሌዳ እንደሚሸከም ማመዛዘን የቅርብ ሹም ሥራ ነው።

«ሰፈሩ የመኖሪያ ስለ ሆነ የንግድ ሰሌዳ ጨርሶ ይነሣ» ብሎ መጻፍ ለሹሙ ይቀለዋል። ሰሌዳው ሲነሣ ግን የልጆች እራት አብሮ ይነሣል። ታዲያ ደንቡ ምኑን ይለካ?

ስለ ንግድ ሰሌዳ ባይሆንም፣ በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት የታየ አንድ ክርክር ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። የጊልበርት ከተማ ደንብ የአመለካከት መግለጫ ሰሌዳ እስከ 20 ካሬ ጫማ እንዲሆን ፈቅዶ፣ ወደ ጸሎት ስብሰባ መንገድ የሚያመለክተውን ግን በ6 ካሬ ጫማ ወስኖት ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2015) ይህን ልዩነት ሻረው፤ ከተማው የሰሌዳን መጠን፣ የተሠራበትን ዕቃና መብራቱን ከመቈጣጠር የሚያግደው እንደሌለም አስረዳ። ከዚህ የምንማረው ጎረቤትን የሚያውከው የሰሌዳው ስፋት፣ ብርሃንና አቋቋም እንጂ የተጻፈበት ቃል አለመሆኑን ነው።

ወጣቱ ሹም ሆይ፣ ነገም ቢሮ የምትይዘው ተማሪ፣ ደንብ ስታረቅ ሜትርህን ያዝ። ከአንድ ክንድ ያልበለጠ፣ መብራት የሌለው፣ በባለቤቱ ግድግዳ ወይም በር ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ ማንንም አይጎዳም። እንዲህ ላለው ሰሌዳ ክፍያም የፈቃድ ምልልስም አይጠየቅ፤ እንጀራ ሻጯ ለማመልከቻ ደጅ ስትጠና የምትውልበት ቀን ምጣዷ ሳይጣድ የሚውልበት ቀን ነውና። መንገድ የሚዘጋውንና ሌሊት የሚያብለጨልጨውን ግን ባለቤቱ ባለጠጋም ይሁን ድኻ ሳታመነታ አስነሣ።