ማን ጠየቃቸው?

«ኤርትራ መቼ ነው ቅኝ ግዛታችን የነበረችው?» አሉ፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ጣና ዳር ከበዋቸው የተቀመጡት ወጣቶች አጨበጨቡላቸው። የወሬው መነሻ የባሕር በር ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 ስለ ቀይ ባሕር ከተናገሩ ወዲህ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ሰው ለቡና ከተቀመጠ አሰብ መነሣቷ አይቀርም።

«ጋሼ፣ ፌዴሬሽኑስ?» አልኳቸው።

«የፌዴሬሽኑን ነገር ተወው!»

ሳምንቱን ሙሉ ሲያበሳጨኝ የሰነበተው ይህ መልስ ነው። የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከሦስት ሺህ ዘመን ተከራካሪዎች ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። አክሱምንና አዱሊስን፣ ባሕረ ነጋሽንም ጠርተው ነገሩ አለቀ ይላሉ። አላለቀም። የአሜሪካን የ1776 (እ.ኤ.አ.) የነፃነት መግለጫ ገልጦ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሁሉም የሚያነሣው የሰውን እኩልነት የሚናገረውን መግቢያውን ነው። ትልቁ ክፍሉ ግን የክስ ዝርዝር ነው፦ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ምክር ቤቶቻችንን በተነ፣ ሳንስማማ ግብር ጣለብን፣ ዳኞቻችንን የፈቃዱ ጥገኛ አደረገ፤ እንዲህ እያለ ከሃያ በላይ በደል ይደረድራል። የጻፉት ሰዎች በአብዛኛው በዘርም በቋንቋም ከዚያው ከንጉሡ አገር የወጡ ናቸው። ወንድማማችነቱ አላስቀራቸውም።

እኔ ኤርትራ የኢትዮጵያ ቅኝ ግዛት ነበረች አልልም። ደጋው ውስጥ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ እንሁን ብሎ ከልቡ የታገለ ብዙ ሕዝብ ነበር፤ ይህን የሚክድ ታሪክ ይክዳል። ነገር ግን የኤርትራ ታጣቂ ድርጅቶቹ ጀብሃና ሻዕቢያ ለምን የቅኝ ግዛት ጥያቄ ነው ብለው እንደጸኑ መረዳት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄም በዚሁ ጥያቄ ተከራክሯል። የብሔር ጥያቄ ከሆነ አገር ውስጥ ተነጋግረህ ትፈታዋለህ። ቅኝ ግዛት ከሆንክ ግን የማንንም ፈቃድ አትለምንም፤ የተባበሩት መንግሥታት በታኅሣሥ 1953 ባወጣው መግለጫ ቅኝ ተገዢዎች ሁሉ ነፃ የመውጣት መብት አላቸው ብሏል። በዚያ ላይ ኤርትራ ውስጥ ዘጠኝ ብሔረሰቦች አሉ፤ ትግርኛ ተናጋሪው ደግሞ ከመረብ ወዲህም ወዲያም ነው። ቋንቋን መሠረት አድርገው ቢነሡ ኖሮ አገሩ ራሱ ለሁለትና ለሦስት ይሰነጠቅባቸው ነበር። አንድ የሚያደርጋቸው ጣሊያን ያሰመረው፣ ምኒልክም በ1892፣ በ1894 እና በ1900 ውሎች የፈረሙበት መስመር ብቻ ነበር።

ያን መስመር ሕጋዊ ጉልበት እንዲያገኝ ካገዙት መካከል ደግሞ እኛው አለንበት። በሐምሌ 1956 የአፍሪካ መሪዎች ካይሮ ላይ ተሰብስበው ነፃነት ሲገኝ የነበረው ድንበር ይከበር ብለው ሲወስኑ፣ ሶማሊያ ኦጋዴንን ስለምትጠይቅ ኢትዮጵያ የውሳኔው ዋና ደጋፊ ነበረች። ቢያፍራ እ.ኤ.አ. በ1967 ከናይጄሪያ ስትገነጠል የምትጠቅሰው ዓይነት የቅኝ ግዛት ወሰን አልነበራትም፤ እውቅና የሰጧት የአፍሪካ አገሮች አራት ብቻ ናቸው። የኤርትራ ታጋዮች ግን እኛ ለኦጋዴን የቆምንበትን ሕግ ለራሳቸው አነሡት።

መስመር ብቻውን ግን ጫካ አያስገባም፤ ሰውን የሚያስወጣው በደል ነው። ለዚህ ነው መምህሩ «ተወው» ያሉትን ነገር መተው የማልችለው።

የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በኅዳር 23 ቀን 1943 ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ያጣመረው በ46 ድጋፍና በ10 ተቃውሞ ነው። ከዚያ በፊት የበርማ፣ የጓቲማላ፣ የኖርዌይ፣ የፓኪስታንና የደቡብ አፍሪካ ልዑካን ኤርትራን ዞረው አይተዋል፤ እነሱም በአንድ ሐሳብ አልተስማሙም። ሕዝቡ ድምፅ አልሰጠም። ያም ሆኖ ኤርትራ የራሷን ምክር ቤት፣ የራሷን ፍርድ ቤት፣ በሰማያዊ መደብ ላይ የወይራ ቅጠል ያለበት ባንዲራ ይዛ ገባች፤ ትግርኛና ዐረብኛ የሥራ ቋንቋዎቿ ነበሩ። ከዚያ ምን አደረግን? በ1947 የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አንዳርጋቸው መሳይ ለኤርትራ ምክር ቤት የውስጥ ጉዳይ፣ የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት በእንደራሴው ዘንድ እንደሌለ ነገሩት። ቋንቋዎቹ ለአማርኛ ቦታ ለቀቁ። በ1951 ባንዲራው ወረደ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ያኔም ሕዝቡን የጠየቀ የለም። ሐሚድ ኢድሪስ አዋተ የትጥቅ ትግሉን የመጀመሪያ ጥይት የተኮሰው በነሐሴ 1953 ነው፣ ፌዴሬሽኑ ገና ሳይፈርስ ነው ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። ባንዲራውስ መቼ ወረደ?

ደጃዝማች ተድላ ባይሩን ተመልከቱ። የአንድነት ማኅበሩ መሪ፣ የኤርትራ አስተዳደር የመጀመሪያው ሹም ነበሩ። ለአንድነት ከእሳቸው በላይ የደከመ ማን አለ? በ1947 ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በስዊድን አምባሳደር ሆነው ሠሩ፤ ከዚያ በ1959 ከድተው ጀብሃን ተቀላቀሉ። እሳቸውን የመሰለ ሰው ያጣንበትን መንገድ ሳይመረምር ስለ አሰብ የሚነግረኝን ሰው ልሰማው አልፈልግም።

እኛ የጣና ሰዎች ሳይጠይቁን ሲወስኑብን ምን እንደሚመስል ለመረዳት ከማንም የቀረብን ነን። በታኅሣሥ 1918 እንግሊዝና ጣሊያን ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ጣሊያን ልትደግፋት፣ ጣሊያን ከኤርትራ እስከ ሶማሊያ ባቡር እንድትዘረጋ እንግሊዝ ልትደግፋት። ከዘጌ እስከ ጎርጎራ ያለው ውኃ ሊከፋፈል የነበረው ባለቤቱን ማንም ሳያማክር ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በዚያው ዓመት ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ፤ አባል አገር ሆነን ሳለ ስለ ገዛ ሐይቃችን ሳንጠየቅ ተዋዋሉብን ብለው። ሁለቱ መንግሥታት ማስተባበያ ለመስጠት ተገደዱ። ያ አቤቱታ እስከ ዛሬ ያኮራኛል። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ አሥመራ ላይ ያደረግነው ደግሞ ያሳፍረኛል።

ኤርትራውያን የተጠየቁት በሚያዝያ 1985 ነው። 99.8 በመቶው ነፃነትን መረጠ። ከዚያ ወዲያስ? በ1989 የጸደቀው ሕገ መንግሥታቸው ሥራ ላይ አልዋለም፣ አገር አቀፍ ምርጫም አልተደረገም። ቅኝ ገዢ ወጣ ብሎ ያወጀ መንግሥት ሕዝቡን ደግሞ ለመጠየቅ አልደፈረም።

ጎረቤታችን የነበረ አንድ ሰው በዚያ ሕዝበ ውሳኔ እዚሁ ኢትዮጵያ ሆኖ ድምፅ ሰጥቷል። ከአሥመራ የመጣ መካኒክ ነው፤ ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሳ በተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብዙ ዘመን ሠርቷል፤ ሚስቱ የዘጌ ልጅ ናት። በ1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ ካርድ ማውጣቱ የባዕድ አገር ዜጋ ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ቀረበበት። በአውቶቡስ ተወሰደ። ትልቁ ልጁ አብሮት ሄደ፤ ሚስቱና ትንሿ ልጅ እዚህ ቀሩ። ከወዲያም ብዙ ኢትዮጵያውያን እንዲሁ ተባረው መጥተዋል። በመስከረም 2011 ድንበሩ ሲከፈት ሴትዮዋ ሻንጣ ገዛች። ከዚያም ፕሬዚዳንት ኢሳያስ ጎንደርና ባሕር ዳር መጡ፤ እሷም መንገድ ዳር ወጥታ እልል አለች። መሄጃዋን ሳታዘጋጅ፣ ዓመቱም ሳያልቅ ድንበሩ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ ለእሷም ለሌላውም የነገረ የለም።

አሁን ደግሞ አሰብ። ካርታ የሚዘረጋ፣ የሕግ አንቀጽ የሚጠቅስ፣ ሠራዊት የሚቆጥር አለ። አሰብ ውስጥ ሰው ይኖራል፤ አብዛኛው ዓፋር ነው፤ ዘመዶቹ ወዲህም ወዲያም ናቸው። ጣሊያን ቦታውን ሲገዛም፣ በ1943ም፣ በ1955ም ምን ትፈልጋለህ አልተባለም። አሁንስ የአሰብን ሰው ምን ትፈልጋለህ ያለው ሰው መኖሩን ሰምተው እንደሆነ መምህሩን ጠየቅኋቸው። አልሰሙም።