ጥበቃው ለሕዝብ ወይስ ከሕዝብ?

የተከበራችሁ የአምቦ፣ የጉደር፣ የጊንጪ፣ የጌዶና የባኮ መራጮች፤

የካቲት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በአምቦ ከተማ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለመደገፍ በተጠራ ሰልፍ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ወደ 30 የሚጠጉ ወገኖቻችን ቆሰሉ። ሰልፉ የገዥው ፓርቲ ደጋፊዎች ነበር፤ የፈሰሰው ደም ግን የሁላችንም ነው። ነገ በሰልፍም ሆነ በበዓል አደባባይ የሚወጣው ያው ሕዝብ ነውና።

ከዚያ በፊት ትምህርት አልጠፋም ነበር። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በተወረወረ ቦምብ 2 ሰዎች ሲሞቱ ከ150 በላይ ቆሰሉ። የፖሊስ ኃላፊዎች በጥበቃ ጉድለት ተጠርጥረው የተያዙት ከጥፋቱ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ደግሞ በተጨናነቀ ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ፣ በተፈጠረው መረጋገጥ በመንግሥት ቆጠራ እንኳ ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። አንዱ ዘንድ ጥበቃው ላላ፤ ሌላው ዘንድ ጠባቂው ራሱ አደጋ ሆነ።

መፍትሔው ስብሰባ መከልከል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 መብቱን አረጋግጧል። በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሰልፍ ጠሪው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል እንጂ አስተዳደሩ ሰልፍን ጨርሶ እንዲከለክል ሥልጣን አይሰጥም። እነዚያ 48 ሰዓታት የእንቢታ ማፈላለጊያ ሳይሆኑ የዝግጅት ጊዜ መሆን አለባቸው።

ስለዚህ ፓርቲያችን በጨፌው ወንበር ካገኘ ለሚከተሉት ይታገላል። አንደኛ፣ አዘጋጆች፣ ፖሊስ፣ ሆስፒታል፣ ቀይ መስቀልና የአገር ሽማግሌዎች አስቀድመው በአንድ ጠረጴዛ ይምከሩ። ሁለተኛ፣ ፍተሻው ሁሉንም በእኩል የሚመለከት ሆኖ ሴቶችን ሴቶች ይፈትሹ፤ ተሽከርካሪ ከሕዝቡ ይራቅ፤ መውጫዎች ሰፊና ክፍት ይሁኑ። ሦስተኛ፣ አምቡላንስ በቅርብ ይቁም፤ መንገዱም ይጠበቅለት። አራተኛ፣ መሸሻ በሌለው ሕዝብ ላይ ጭስም ሆነ ጥይት አይተኮስ። አምስተኛ፣ ኃላፊው አዛዥ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ጉዳት ቢደርስ ለከተማው ምክር ቤት በይፋ መልስ ይስጥ።

ይህ ሁሉ ለገዥው ሰልፍም ለእኛም ሰልፍ እኩል ይሠራል። ለሁሉም እኩል ያልሆነ ጥበቃ ጥበቃ አይባልም።

መራጮች ሆይ! ልጃችሁን ወደ አደባባይ ስትሸኙ በሰላም እንዲመለስ ለሚሠራ ድምፃችሁን ስጡ።