ነበልባሉ እስኪያልፍ

የነቀምቴ ልጆች ጥብስ በቆሎን የሚያውቁት ከመንገድ ዳር ነው። ክረምቱ ሲገባደድ እናቶች የከሰል ምድጃቸውን አስፋልት ዳር ይዘረጋሉ፤ ብር ትሰጣለህ፣ ትኩስ እሸት ትቀበላለህ፣ አለቀ። የእኔዎቹም እንዲያው ነበሩ። በጳጉሜ፣ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ፣ ዲጋ ያሉት አያታቸው ዘንድ ወሰድኳቸው። የባለቤቴ እናት ናቸው፤ ልጆቹ እንደ አገሩ «አኮ» ይሏቸዋል።

ባለቤቴ ፍርፍር በምሳ ዕቃ ቋጥራልን ነበር። አኮ ክዳኑን ገልጠው አዩና «ይሄንንማ ቤታችሁም ትበላላችሁ» ብለው መልሰው ከደኑት።

በእርጥብ ወራት እሳት ማያያዝ ቀልድ አይደለም። ልጄ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እየጎተተ መጣ፤ ጢሱ ሁላችንንም አስለቀሰን። አኮ ከጎተራው ሥር ደረቅ ቆረቆንዳ አወጡ። አምና የተፈለፈለው በቆሎ የዘንድሮውን ሊጠብስ ነው። ይህን ሒሳብ ወደድኩት።

ልጆቹ ነበልባል ሲያዩ እሸቱን ሊማግዱት ተሽቀዳደሙ። የትልቋ ውጭው ከሰል፣ ውስጡ ወተት ሆኖ ወጣ። አኮ ዝም ብለው አዩ። እኔ ብሆን ቀምቼ አሳያት ነበር። የእኛ የከተማ ወላጆች በሽታ ይኸው ነው፤ እሳቱን ብቻ ሳይሆን መሳሳቱንም እንነጥቃቸዋለን። ሁለተኛውን ስታነሳ ግን «ነበልባሉ ይለፍ፣ ልጄ። የሚያበስለው ፍሙ ነው» አሏት። ጠበቁ። ያለ ስልክ ጠበቁ!

ከዚያ አንዱን እሸት ከነሽፋኑ አስተኙት፤ የራሱ እንፋሎት ያበስለዋል። ሌላውን ልጠው ከፍሙ ዳር እያገላበጡ ጠበሱት። ድንቹ ረመጥ ውስጥ ተቀበረ። ትንሿ «አንጮቴስ?» አለች። አንጮቴ ግን የወለጋ እመቤት ናት፤ ከነልጣጯ ተቀቅላ፣ ተልጣ፣ በቅቤ ተለውሳ ለመስቀል የምትቀርብ። ድስት ትፈልጋለች።

ወንዱ ጣቱን አቃጠለ። ጎረቤት የጥርስ ሳሙና ልታመጣ ስትሮጥ አስቆምኳት፤ ለእንዲህ ያለው ቃጠሎ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። አለቀሰ፣ ከዚያ ተመልሶ እሸቱን አገላበጠ።

አኮ ልጅ ሳሉ ማማ ላይ ውለው ዝንጀሮ ያባርሩ ነበር። ማታ ደግሞ ከርከሮና ጃርት ይመጣል፤ ያኔ ጠባቂው ታላቅ ወንድማቸው ነው። እሳቱ ለአውሬ ማስፈራሪያ፣ ለብርድ መሸሻ፣ ለራትም ምድጃ ነበር። ናፍቆቱ እንዳይወስደኝ ልጠንቀቅ፤ ማማ ላይ የዋለ ልጅ ትምህርት ቤት አልዋለም። በዚያ ላይ ባለፉት ዓመታት በግጭቱ የተነሳ በወለጋ ብዙ ቦታ ከከተማ ወጣ ብሎ እሳት ማንደድ ራሱ የሚታሰብ አልነበረም።

እሳት ዳር የሚወራው ነገር ግን ትምህርት ቤትም ገብቷል። አስቴር ጋኖ ከልጅነት ትዝታዋ የሰበሰበቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1894፣ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ታትመዋል። ያን ምሽት አኮ «ሂቦ!» ብለው እንቆቅልሽ ሲጀምሩ ልጆቼ መልሱን ቀርቶ አቀባበሉንም አላወቁትም። አፈርኩ። እኔም ረስቼው ነበር።

ነቀምቴ ገብተን ልብስ ስንቀይር ትንሿ ጮኸች፦ ድንቿን ረመጥ ውስጥ ረስታዋለች። አኮ ዘንድ ተደወለ። ስልኩ ውስጥ አመዱን በእንጨት ሲጭሩ ይሰማል።

«አለ፣ ልጄ» አሏት፤ «እስካሁን ያቃጥላል።»