በደጋ ውሃ ስለ መዋኘት

መንዝን የሚያውቅ ሰው ስለ ብርድ ማስረጃ አይጠይቅም። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ስለሆነች፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ማልዶ የወጣ ሰው ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያገኘዋል። በእንዲህ ያለ አገር ስለ ዋና መጻፍ በአፋር በረሓ ብርድ ልብስ እንደ መሸጥ ነው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ብዕሬን እንዳነሣ ያስገደደኝ ራሱ ብርዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በወጣትነቴ በዚያ አገር በመምህርነት ሳገለግል፣ በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ለሽርሽር ወጥተን ከጓሳ ሥር ከሚወርዱት ጅረቶች በአንዱ ዳር ምሳችንን ፈታን። ከመካከላችን አንደኛው አዲስ አበባ ያደገ፣ በሶደሬ ሙቅ ውሃ ዋና የተማረና በዋናውም ፈጽሞ የሚመካ ጐልማሳ ነበር። ከቋጥኙ በታች የተጠራቀመውን ጥቁር ኩሬ ባየ ጊዜ ልብሱን አወለቀና፣ «እናንተ ደገኞች ውሃ ስታዩ እንደ ድመት ትሸሻላችሁ፤ እስቲ ተመልከቱኝ!» ብሎ ተወርውሮ ገባ።

ብቅ ሲል ያንኑ ሰው አይመስልም ነበር። አፉን ከፍቶ ያለከልካል፤ ሊጣራ ይሞክራል፤ ግን ቃል አይወጣለትም። ከእኛ እስከ እርሱ ያለው ርቀት ከዐሥር ክንድ አይበልጥም። እኛ ግን የሚያሾፍ መስሎን ሣቅን። «ውሃ እያሣሣቀ ይወስዳል» ሲባል የሚሥቀው ገቢው ብቻ ሳይሆን ዳር ቆሞ የሚያየውም ጭምር መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ያዳነው ከእኛ አንዱ አይደለም። በጎቹን ትቶ ከዳገቱ የወረደ፣ ዕድሜው ከዐሥራ ሁለት የማይበልጥ እረኛ በደረቱ ተኝቶ ረጅሙን ዱላውን ዘረጋለትና፣ «ጋሼ፣ ይያዙ! ጋሼ፣ ይያዙ!» እያለ ጮኸ። ጓደኛችን ዱላውን ያዘ፤ ነገር ግን ጣቶቹ አልጨብጥ ስላሉት ሁለት ጊዜ አመለጠው። በሦስተኛው በብብቱ ሥር አስገብቶ ሲያቅፈው፣ እኛም የእረኛውን እግር ይዘን ሁለቱንም ሳብናቸው። ቆየት ብለን ልጁን፣ «ለመሆኑ ዋና ታውቃለህ ወይ?» ብንለው፣ «ኧረ እኔ አላውቅም፤ ባውቅማ ገብቼ አብሬ እሞት ነበር» አለን።

ይህ የልጅ መልስ ሲያስበኝ ብዙ ዓመት ኖሯል። ዋና የሚያውቀው ሊሰጥም ሲል ዋና የማያውቀው ያዳነው ስለ ምንድን ነው? ለዚህ መልስ ያገኘሁት ዘግይቼ፣ ስለ ቀዝቃዛ ውሃ የተጻፈውን ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ነገሩ የድፍረትና የፍርሃት ጕዳይ ሳይሆን የሰውነት አሠራር ጕዳይ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው፣ ቆዳው ሲደነግጥ ወደደም ጠላም አንድ ትልቅ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል። በዚያች ቅጽበት አፉ ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው አየር ሳይሆን ውሃ ነው። ወዲያው ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ልቡ በኀይል ይመታል፣ የደም ግፊቱ ከፍ ይላል። ቀድሞ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከዚህ ላያልፍ ይችላል። በእንግሊዝ አገር የፖርትስማውዝ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ የሆኑት ማይክ ቲፕተን ይህን ጕዳይ ለብዙ ዓመታት ሲመራመሩበት የኖሩ ሰው ሲሆኑ፣ አጥብቀው የሚያስገነዝቡት ነገር ቢኖር፣ በቀዝቃዛ ውሃ የሚሞተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ሰውነቱ በብርድ ከመድከሙ አስቀድሞ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መሆኑን ነው።

በካናዳ በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጎርደን ጊስብሬክት ደግሞ ጕዳዩን ተማሪ በቃሉ ሊይዘው በሚችል ቍጥር አስቀምጠውታል፤ አንድ፣ ዐሥር፣ አንድ። ትንፋሽን ለመግዛት አንድ ደቂቃ፤ እጅና እግር የሚታዘዝበት ዐሥር ደቂቃ፤ ሰውነት ቀዝቅዞ ራስን እስከ መሳት አንድ ሰዓት። ቍጥሩ እጅግ ለቀዘቀዘ ውሃ የተነገረ ስለሆነ እንደ ውሃውና እንደ ሰውየው ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። ቀጭን ሰው ከወፍራሙ ይልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በመንዝ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያለከለከ ሰው ትንፋሹን መልሶ ለመሰብሰብ ያለው ትርፍ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ጓደኛችን በሶደሬ የተማረው ዋና ሐሰት አልነበረም። የተማረው ግን ትንፋሹ በእጁ በነበረበት ጊዜ ነው። ትንፋሽ ከእጅ ሲወጣ ዋናውም አብሮ ይወጣል። በቀዝቃዛ ውሃ የወደቀ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ወደ ዳር መፍጨርጨር አይደለም፤ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጆሮውን ከውሃው ነክሮ፣ አፍና አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ መንሳፈፍ ነው። ድንጋጤው በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ከዚያ በኋላ መዋኘትም፣ ዱላ መያዝም፣ መጣራትም ይቻላል። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ፤ እኔም እነርሱን ተከትዬ ከመዋኘት መንሳፈፍ ይቅደም እላለሁ።

ከወጣ በኋላ ያደረግንለት ደግሞ ከመግባቱ የማይተናነስ ስሕተት ነበር። አንደኛው ከኪሱ አረቄ አውጥቶ አስጐነጨው፤ ሌላው «ሩጥ፣ ይሞቅሃል!» እያለ ዳገቱን ሊያስወጣው ጐተተው። ሰውነት ከውሃ ከወጣም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ውስጥ ውስጡን መቀዝቀዙን እንደሚቀጥል ማናችንም አናውቅም ነበር። አረቄ የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት ለጊዜው ሙቀት ያሰማል እንጂ፣ በእውነቱ በውስጥ የቀረውን ሙቀት አውጥቶ ለነፋስ የሚሰጥ ነው። ከዚህ ያወጣችን በአቅራቢያው ካለው ቤት የመጡ አንዲት ባልቴት ናቸው። «ምነው ልጄ፣ በጥር ውሃ ምን አለኝ ብለህ ገባህ?» እያሉ እርጥቡን ልብስ አስወልቀው፣ አድርቀው፣ በበግ ጠጕር ባና ጠቅልለው ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡትና ትኩስ የገብስ አጥሚት አጠጡት። የሐኪም መጽሐፍ ከዚህ የተለየ ነገር አያዝም። መንዝ በበጉ ጠጕርና በባናው የታወቀ አገር መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ያነበበ ወጣት ቀዝቃዛ ውሃን ጠላት አድርጌ ያቀረብኩ መስሎት ይሆናል። አይደለም። ሰው ጧት ጧት በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብ አእምሮው እንደሚነቃ፣ ቀኑን ሙሉ ልቡ ቀለል እንደሚለው የሞከረው ያውቀዋል። እኛም ለዚህ እንግዳ አይደለንም። በጥር 11 ቀን በጥምቀት በዓል ጎንደር ላይ ከፋሲል መዋኛ ዘሎ የሚገባውን ወጣት፣ በየደብሩ ገና ሳይነጋ በጠበል ሥር የሚቆመውን ምእመን የማያውቅ የለም። በአውሮፓም ዛሬ በባሕርና በሐይቅ በብርድ መዋኘት ብዙ ሰው የሚከተለው ልማድ ሆኗል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሐኪሞች በሐዘን ሕመም ትሠቃይ የነበረች አንዲት ወጣት በየሳምንቱ በቀዝቃዛ ውሃ መዋኘት ከጀመረች በኋላ መሻሏንና መድኀኒቷን መተዋን ጽፈዋል። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ታሪክ ለሁሉ ማስረጃ አይሆንም፤ ይህንም ራሳቸው ሐኪሞቹ አልሸሸጉም። እኔ በበኩሌ ጥቅሙ እንዳለ አምናለሁ፤ መድኀኒት ነው ብዬ ግን መድኀኒቱን ጣል አልልም።

የሚበልጠው የምሥራች ሰውነት የሚለምድ መሆኑ ነው። በተለያዩ ቀናት ለሦስት ለሦስት ደቂቃ ያህል አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ቀስ እያለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ሰው፣ ያ የመጀመሪያው ድንጋጤ በግማሽ ያህል ይቀንስለታል። ስለዚህ ጀግንነት ከቋጥኝ ላይ መወርወር ሳይሆን፣ ከእግር ጀምሮ፣ ፊትንና ማጅራትን አርሶ፣ ትንፋሽን እያዳመጡ መግባት ነው። ይህ ለጠበልተኛውም ይሠራል። በተለይ በዕድሜ የገፉና ልባቸውን የሚያማቸው ሰዎች በአንድ ጊዜ ከመነከር ይልቅ ቀስ ብለው ቢጀምሩ ከእምነታቸው የሚጐድል ነገር የለም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ። «ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የሌለን ሕዝብ፣ ደግሞም ደጋ ላይ የምንኖር፣ ዋና ምን ይሠራልናል?» የሚሉኝ ሞልተዋል። መንዝን ግን ምን ከበበው? በደቡብ ሞፈር፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ አይደሉምን? ወደ ቆላው የሚወርድ የግብርና ሠራተኛ፣ ክትባት የያዘች ነርስ፣ ለእረፍት ወደ ቤቱ የሚመለስ ተማሪ ውሃ ሳይሻገር የት ይደርሳል? በክረምት ላይኛው አገር የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሲመጣ፣ ታች ያለው ሰው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነው የሚወሰደው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገለጸው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በውሃ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ለጨዋታ ወደ ባሕር የሄዱ አይደሉም።

ሐይቅም ቢሆን አልተነፈግንም። ወንጪ ከ2,800 ሜትር በላይ ተቀምጦ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጕድጓዶች ስለሆኑ ዳራቸው በጥቂት እርምጃ ገደል ይሆናል። በጣናና በሐይቅ ደግሞ ቢልሃርዝያ አለና ጥንቃቄው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ውሃ የራሱ ጠባይ አለው፤ ጠባዩን ሳይጠይቁ መግባት ሰውን ሳያውቁ ዋስ እንደ መሆን ነው።

በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ በመቶ ሜትር ነፃ ዋና 59ኛ በወጣ ጊዜ በየቡና ቤቱ የተሣቀው ሣቅ አሁንም በጆሮዬ አለ። ያን ጊዜ የሣቅነው ሰዎች ስንቶቻችን በጀርባችን ተንጋለን አንድ ደቂቃ መንሳፈፍ እንችል ነበር? ልጆቻችንን በየትኛው ውሃ እንዳስተማርንስ ማን ጠየቀ? በየትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስና የሩጫ ሰዓት አለ፤ ደግ ነው። ለመንሳፈፍ ግን ሰዓትም መምህርም የለውም። ይህን የምለው ለወጣቶቹ ሹማምንት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ የወረዳው የስፖርት ኀላፊ፣ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ሁሉም በእናንተ ዕድሜ ያሉ ናቸውና።

መዋኛ ገንዳ ይሠራ አላልኩም። በመሐል ሜዳ ገንዳ ለመሥራት ገንዘቡ ቢገኝ ከገንዳ የሚቀድም ብዙ ሥራ አለ። የምጠይቀው ጥቂት ነው። መስከረም ካለፈና ወንዙ ከጐደለ በኋላ፣ ፀሐይ በምትሞቅበት ቀትር፣ ጥልቀቱ ከወገብ በማያልፍና በማይወርድ ውሃ፣ ዐሥር ዐሥር ተማሪ በመምህር ፊት መንሳፈፍ ይማር። አንድ ረጅም ገመድና ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ዳር ይቀመጥ፤ ጄሪካን ለሚሰጥመው ሰው ከማንኛውም ዋናተኛ የበለጠ ወዳጅ ነው። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ ዱላ መዘርጋት፣ ካልደረሰ ገመድ መወርወር፣ ዘሎ መግባት ግን የመጨረሻ መሆኑን ልጆቹ ይለማመዱ። አንድ ቴርሞሜትር በክር አስሮ ውሃውን መለካትም የሳይንስ ትምህርት ይሆናል። ባናም አይረሳ።

ያ ጓደኛችን ዛሬ ጡረታ ወጥቷል። ከእርሱ ጋር ወደ ላንጋኖ በሄድን ቍጥር፣ ውሃው የሞቀ ቢሆንም እንኳ፣ መጀመሪያ ዳር ቍጭ ብሎ እግሩን ይነክራል፤ ቀጥሎ ማጅራቱን ያርሳል፤ ከዚያም ፊቱን ይታጠባል። ልጆቻችን «አባባ፣ ጸሎት ላይ ናቸው እንዴ?» እያሉ ይሥቁበታል። እርሱ ግን አይቸኩልም።