ሱባዔ የገባሁት እኔ፣ ቁልፍ የያዘችው እሷ

ነሐሴ 1 ቀን ማለዳ አዲስ አበባ መናኸሪያ ብቅ ያለ ሰው የከተማው ሕዝብ እኩሌታው ሊመንን የተነሣ ይመስለዋል። አንዱ ጋቢውን ደርቧል፣ ሌላው በሶና ቆሎ በፌስታል አንጠልጥሏል፣ ሦስተኛዋ ዳዊቷን ከዝናብ ለማዳን በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋለች። መንገዱ ወደ ደብረ ሊባኖስ ነው፣ ወደ ዝቋላ ነው፤ ርቆ መሄድ ያልቻለውም በየደብሩ ቅጽር ጥግ ይዞ ይሰነብታል። የፍልሰታ ሱባዔ ገባ ማለት ነው። እኔም በየዓመቱ ከእነዚሁ አንዷ ነኝና ከዚህ በታች የምሰነዝረው ዱላ መጀመሪያ የሚያርፈው በራሴው ጀርባ ላይ ነው።

ከገዳም የተመለሰ ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ለመንሽ?» ቪዛ ነው? ትዳር ነው? የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው? ሱባዔ ማመልከቻ ማስገቢያ መስኮት ሆኗል። መልሱ የዘገየበትም ሰው ቀበሌ የተጉላላ ይመስል ያኮርፋል። «ሄጄ ዐርፌ መጣሁ» ብሎ መመለስማ ነውር ነው። ዕረፍት ላንጋኖ ነው እንጂ ገዳም ምን ሊሠራ! ይሉናል።

እኔ ደግሞ ሱባዔ ዕረፍት ነው እላለሁ። ቃሉ ራሱ ከሰባት የመጣ ነው፤ አንድ ሱባዔ ሰባት ቀን ነው፤ ፈጣሪ በሰባተኛው ቀን ምን እንዳደረገ የቄስ ትምህርት ቤት ሕፃን ያውቀዋል። ሐዋርያት ከተላኩበት ሲመለሱ ግርግሩ እህል መቅመሻ ጊዜ ቢያሳጣቸው፣ ጌታ ወደ ጭር ያለ ስፍራ ሄደው ትንሽ እንዲያርፉ ነው የነገራቸው (ማርቆስ ምዕራፍ 6)። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን ማን ገሠጸው? ተኛ፤ መልአክ ቀስቅሶ አበላው፤ ተመልሶ ተኛ፤ ደግሞ ተቀስቅሶ በላ። ወደ ኮሬብ የተጓዘው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሌሊት ለሰዓታት መነሣት፣ ስግደት፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ጦም መዋል፣ ከዚያ ጥሬና በሶ፤ ይኼ ነው ዕረፍቱ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ በመጀመሪያው ሌሊት መሬቱ ጎን ይወጋል፤ በሁለተኛው ቀን የቡና ሱስ ራስ ይፈልጣል። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ይሆናል። ነገ ምን ይሠራ፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለው ሐሳብ ልክ እንደ ደፈረሰ ውኃ ቀስ እያለ ይዘቅጣል። የሚያዝሽ የለም፤ የምታዢውም የለም። ሰው የደከመው ከሥራው ይልቅ በዚህ ነበር ለካ ትያለሽ። ስልኩን ይዞ ገብቶ በየሰዓቱ ቤቱን የሚቆጣጠር ሰው ይህን አያውቀውም፤ እሱ ቦታ ቀየረ እንጂ ሱባዔ አልገባም።

ታዲያ ልመናም ተባለ ዕረፍት ምን ለውጥ ያመጣል? ብዙ። ልመና ከሆነ ቤት የቀረችውም እወጡ ዳር ቆማ ልትለምን ትችላለች። ዕረፍት ከሆነ ግን ዕዳ አለብን።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ 16 ቀን ከገዳም ስመለስ ዶሮው ተሠርቶ ጠበቀኝ። የሠራችው ቤቴ የምትሠራው ልጅ ናት። እሷም እንደኔው ጾማለች፤ ስትጾምም ለማይጾሙት ሥጋ ትከትፍ ነበር። «እንኳን አደረሰሽ» አልኳት። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለችና፣ ሽንኩርት እየላጠች «እትዬ፣ እዚያ ሌሊት ይተኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። በእኩለ ሌሊት መነሣቱን፣ ስግደቱን፣ ጥሬውን ገድል እንደሚያወራ ሰው ዘረዘርኩላት። በጸጥታ አዳመጠችኝና፣

«ከዚያ ወዲያስ ሥራ አለ?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያማ ዕረፍት ነው» አለች።

ይህን ለወዳጆቼ ባነሣ የዘነበብኝ መልስ አንባቢ ይፍረደው። አንዷ «እሷ ደግሞ ምን ሐሳብ አለባት?» አለች። ሌላዋ «ሄዳ በዚያው ብትቀርስ?» አለች። (በዚያው ትቀራለች ብለን የምንሰጋባት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።) ሦስተኛዋ ጾመኛ ነች፣ ቆራቢ ነች፤ «እሷ እኮ ሥራዋ ጸሎቷ ነው» ብላ ደመደመችው። የእኛ ሥራ ለምን ጸሎት እንደማይሆንልን ግን አልነገረችኝም።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ሰንበትን ሲያዝዝ ምክንያቱን አብሮ ይናገራል፤ ወንድና ሴት አገልጋይህ እንዳንተው እንዲያርፉ፣ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርክ እንድታስብ ነው ይላል። የዕረፍት ቀን በዚህች ቤተ ክርስቲያን ተራ ነገር አልነበረም። በ14ኛው መቶ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ የቅዳሜን ሰንበትነት አላስነካም ብለው ከነገሥታቱና ከጳጳሱ ተጣልተዋል፤ አገር ለቀው በአርመን ምድር አርፈዋል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰነ። ለአንዲት የዕረፍት ቀን ስደት የታየበት ቤት ልጆች ነን፤ በሳምንት ሁለት ሰንበት አለን፤ ለቤት ሠራተኛዋ ግን አንዱም አልተረፋትም። ሕጉም ቢሆን አላስታወሳትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛ በየሰባቱ ቀን 24 ሰዓት ያላቋረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ ሲደነግግ፣ ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረውን ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል። የዐውደ ምሕረት ሰባኪዎቻችንስ? ስለ ዐሥራት ሰምቻለሁ፣ ስለ አለባበስ ሰምቻለሁ፤ «ሠራተኛችሁን ሱባዔ ላኩ» ያለ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ፍልሰታ ሁለት ሱባዔ ናት። የመጀመሪያውን እሷ ትሂድ፣ ሁለተኛውን እኔ፤ ደመወዟ ሳይነካ፣ የመሳፈሪያው ከቤቱ ወጪ ሆኖ። ወደ ገዳም ካልፈለገች እናቷ ዘንድ ትሂድ፤ እሱንም ካልፈለገች ትተኛ፤ ኤልያስም ተኝቷል። ይህን በቤታችን ጉባኤ ባቀርብ ባለቤቴ ለአፍታ አሰበና «በዚያ ሳምንት ሽሮውን ማን ይሠራል?» አለኝ። ሽሮው ካለበት ቁምሳጥን ሦስት እርምጃ ርቆ ነበር የተቀመጠው።