ሣርን ለሚንቁ የተሰጠ መልስ

የውጭ አገር ሠዓሊዎች ከባሕር ሣር የጥበብ ሥራ ይሠራሉ ሲባል በአዲስ አበባ የሚስቅ ሰው አይጠፋም። «ሣር የከብት ነው እንጂ የጥበብ አይደለም፤ ደግሞስ ባሕር የሌለው አገር ከባሕር ሣር ምን አለው?» ይላል። በዚህ ቃል ውስጥ ሁለት ስሕተት አለ።

ፊተኛው ስሕተት ግብሩን ትቶ ጥሬውን መመዘን ነው። እንግሊዛዊቱ አና አትኪንስ በፈረንጆች ቍጥር ከ1843 ጀምሮ የባሕር ሣርን መድኃኒት በተቀባ ወረቀት ላይ እያኖረች ለፀሐይ ብታሰጣው፣ ሣሩ በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ሆኖ ታተመ፤ ለዕፅዋት ጥናት የወጣው መጽሐፍም ዛሬ ከሥነ ጥበብ ይቈጠራል። ጀርመናዊቱ ዩሊያ ሎማንም በ2013 በለንደን የባሕሩን ሣር እንደ ቆዳ አለስልሳ በአጽም ላይ ወጥራ አሳየች። ይህን የሚንቅ ጸሐፊ በእጁ የያዘውን ብርዕ ይመልከት፤ መቃ አይደለምን? ብራናውስ የፍየል ቆዳ፣ ቀለሙስ ጥላሸት አይደለምን? የአዲስ አበባው ኤልያስ ስሜም ከመርካቶ በተገኘ ውዳቂ ሽቦ ሥራው በዓለም ታውቋል።

ሁለተኛው ስሕተት በቤት ያለውን መርሳት ነው። ባሕር ባይኖር ጣና አለ፤ በጣናም ዳር ደንገል ይበቅላል። የጣና ሰው ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ በነዶ አስሮ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አቅንቶ ታንኳ ያደርገዋል፤ ያለ ሚስማርም ሰውና ማገዶ ይሸከምበታል። ኢሳይያስ በ18ኛው ምዕራፍ ስለ ኢትዮጵያ ወንዞች ሲናገር የደንገልን መርከብ ማንሣቱን ሊቃውንት ያውቃሉ። እንግዲህ የለንደኑ ሣር የሚደነቅ፣ የጣናው ደንገል የሚናቅ በምን ፍርድ ነው?

ነገሩ ግን የክብር ክርክር ብቻ አይደለም። የሐይቁ ዳር እየታረሰ ደንገሉ ቀንሷል፤ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው እንቦጭም በፈረንጆች 2011 በጣና ላይ ከታየ ወዲህ ዳርቻውን ወሮታል። ሥነ ጥበብ እንቦጭን አይነቅልም፤ ነገር ግን ሰው የማያከብረውን አይጠብቅም። ደንገሉ ያለቀ ዕለት ታንኳ የሚያስረው እጅ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታም እጅ ለልጁ የሚያወርሰው የለውም።

ስለዚህ ሠዓሊው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፍሮ የሰውን ባሕር ከመሻቱ በፊት ወደ ጣና ይውረድ፤ ከታንኳ ሠሪውም እግር ሥር ተቀምጦ ይማር። በቦሌ ደጅም፣ እንግዳ በሚገባበትና ልጅ በሚሰደድበት በር፣ የጣና ሰው በእጁ ያሰረው ሙሉ ታንኳ ሊቆም ይገባዋል። አውሮፕላን ሳይታሰብ ሰውን በነዶ ላይ ያሻገረ ጥበብ በአገሩ በር ላይ ቦታ ሊነፈገው አይገባምና።